ሐኪሜ የማያውቃት ሲጋራ

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤ እንደምን ከረሙ?

የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ተሳቢ ይዤ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። በወር ውስጥ ቤቴ የማድረው ከአሥር ቀን አይበልጥም።

አስም የጀመረኝ በ36 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ጉንፋን እንኳን የማይደፍረኝ ሰው ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አለባት። ያደግነው አንድ ቤት፣ ያሳደገችን አንድ እናት። እሷ ጠዋትና ማታ ቡናማዋን ፓፍ ትስባለች፣ ዓመቱን ሙሉ ደህና ናት። እኔ ያንኑ ፓፍ ወሰድኩ፣ መጠኑም ተጨመረልኝ፤ ለውጥ የለም። ሌሊት ደረቴ ሲር ሲር እያለ ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ሲያፍነኝ የምስባትን ሰማያዊዋን ፓፍ በወር አንድ እጨርሳለሁ። ቴኦፊሊን የሚባል ኪኒንም እወስዳለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ታዞልኛል። የሳንባ ነቀርሳም ተመርምሬ ነጻ ነኝ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ያንተ ከባድ አስም ሳይሆን አይቀርም። ፕሬድኒሶሎኑን በየቀኑ እናድርገው፤ ካልሆነ አዲስ አበባ እልክሃለሁ» አለኝ። ቀጠሮዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አሁን የምነግርዎትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጨሳለሁ። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ። አዳማ ስሆን ተደብቄ በቀን ሁለት ሦስት ነው። መንገድ ላይ ግን ፓኬት ትሞላለች፤ በተለይ ጫት ስይዝ። ስንጋባ ለባለቤቴ በንስሐ አባታችን ፊት «ትቻለሁ» ብዬ ነበር። ስምንት ወር ያህል እውነትም ትቼ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት አዋሽ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ሳድር አንዷን ለኮስኩ። በዚያው ቀረሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ ቀን «ታጨሳለህ?» ሲለኝ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «አላጨስም» አልኩ። ሐኪሙ ደግሞ የእሷ የአጎት ልጅ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ፓፉን የሚያከሽፈው ሲጋራው ነው ወይስ የእኔ አስም ከእህቴ ይለያል? ለሐኪሙ ብናገር ቤቴ እንዳይበጠበጥ እፈራለሁ። ዝም ብዬ በራሴ ብተው አይሻልም? ጓደኞቼ ደግሞ «ሺሻ ይሻልሃል፣ በውኃ የተጣራ ነው» ይሉኛል።

የመንገዱ ሰው፣ ከአዳማ»

ወንድሜ የመንገዱ ሰው፣

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ አንዷን መስመር ፈለግኋት። «ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር» የምትለዋን። በዚያች ወንበር ላይ እኔም ብሆን «አላጨስም» የምል ይመስለኛል። ሰው ሚስቱ አጠገብ፣ ዘመዷ ፊት፣ በንስሐ አባት ፊት የሰጠውን ቃል እንዴት በአንድ ደቂቃ ያፈርሳል? ስለዚህ ውሸታም ነህ ልልህ አልመጣሁም። ግን ያቺ አንዲት ቃል አሁን መድኃኒትህን እያዘዘች ነው። የምናወራው ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ ለጥያቄህ፦ ሁለቱም ነው። አስምህ ከእህትህ ሊለይ ይችላል፣ ሲጋራውም ፓፉን ያከሽፋል።

«አስም» ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ በውስጡ የተለያየ ዓይነት አለው። እንደ እህትህ በልጅነት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከአለርጂ ጋር የተያያዘ ነው። አቧራ፣ የድመት ፀጉር፣ የአበባ ብናኝ ይቀሰቅሰዋል። በአየር ቧንቧው ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ። ቡናማዋ ፓፍ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የሚባለው የቧንቧውን ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ደግሞ እነዚህን በደንብ ይገዛቸዋል። እህትህ ደህና የምትከርመው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በጉልምስና የሚጀምር ሌላ ዓይነት አለ። አለርጂ የለውም፣ ኢዮሲኖፊሉ ግን ይበዛል፤ አፍንጫ ውስጥ ሥጋ ከማብቀልና ሽታ ከማጣት ጋር ይመጣል። ከውፍረት ጋር የሚሄድም አለ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ሌሎች ነጭ ሴሎች የሚበዙበትም አለ። ሲጋራ የሚያጨስ አስመኛ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህኛው ሰፈር ነው። ስቴሮይድ በኒውትሮፊል ላይ እምብዛም ጉልበት የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ስቴሮይዱ ቁጣውን የሚያበርደው በሳንባ ሴሎች ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም አጋዥነት ነው። የሲጋራ ጭስ ያንን ኢንዛይም ያዳክመዋል። አንተ ሹፌር ነህና በአንተው ቋንቋ ልበልህ፦ ፍሬኑን ትረግጣለህ፣ ሸራው ግን አልቋል። ሐኪሙ ደግሞ ሸራው ማለቁን ስላልነገርከው «ጠንክረህ ርገጥ» እያለህ ነው።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። ስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በደንብ ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ለአስም ታማሚዎች በቀን 40 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም ስቴሮይዱን በኪኒን፣ ለሁለት ሳምንት ሰጡ። የማያጨሱት ተሻላቸው። የሚያጨሱት ላይ ለውጥ አልታየም። አጭሰው የተዉት በመሃል ነበሩ። አንተ በስድስት ወር ሁለት ጊዜ የወሰድከው መድኃኒት መሆኑን ልብ በል። በ2006 ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ገልብጠው ጠየቁ፦ ቢተዉስ? ስድስት ሳምንት ሙሉ የተዉት ሰዎች በአንድ ሰከንድ የሚተነፍሱት አየር ማጨሳቸውን ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ብልጫ አሳየ። በአክታቸው ውስጥ ያለው ኒውትሮፊልም ቀነሰ። የተዉት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ነበር፤ አሥር ብቻ። ስለዚህ «አንተም ላይ ልክ እንዲህ ይሆናል» ብዬ አልምልልህም። ግን ስድስት ሳምንት ማለት ጅቡቲ ጥቂት ጊዜ ደርሰህ የምትመለስባት ጊዜ ናት።

አሁን «ከባድ አስም» የምትለዋን እንይ። ይህን ስም ሐኪሞች ዝም ብለው አይሰጡም። ሰውየው ፓፉን በትክክል እየሳበ፣ ሳያቋርጥ እየወሰደ፣ የሚያባብሱት ነገሮች ተወግደውለት፣ በከፍተኛ መጠንም አልታዘዝ ያለ አስም ነው ከባድ የሚባለው። ከመቶ አስመኞች ከአምስት እስከ አሥር ቢሆኑ ነው። የሚያጨስ ሰው ከባድ ይኑረው አይኑረው ገና አልታወቀም። ጭሱ ሸፍኖታል። ጭስ በሞላው ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ሰው የምታየው ጭሱ ሲወጣ ነው! ዘመድህ ሐኪም እያከመ ያለው አንተን አይደለም፤ «አላጨስም» ያለውን ሰውዬ ነው። ለዚያ ሰውዬ ደግሞ ውሳኔው ልክ ሊሆን ይችላል። ለአንተ ግን በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን መጀመር ማለት ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ የአጥንት መሳሳት ሊያመጣ የሚችል መድኃኒት ምናልባት ያለ ጥቅም መዋጥ ነው። በነገራችን ላይ፣ ፈርተህ የታዘዘልህን ፕሬድኒሶሎን በራስህ በድንገት እንዳታቆም። እሱም አደጋ አለው።

«ዝም ብዬ በራሴ ብተው አይሻልም?» ብለሃል። መተዉን እደግፋለሁ። ዝምታውን ግን አልደግፍም። ምክንያቴ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም፤ ቴኦፊሊኗ ናት። የሲጋራ ጭስ ጉበትህ ይህንን መድኃኒት ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ማጨስ ስታቆም ጉበቱ ይረጋጋል፤ ያው ኪኒን በደምህ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ያመጣል። ይህ ሚሌ አካባቢ መሪ ይዘህ ሳለ ቢመጣብህ አስበው። የምትተውበትን ቀን ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ መጠኑን ያስተካክልልሃል። ካላወቀ ግን «ሲጋራ ስተው ጭራሽ ታመምኩ» ብለህ መልሰህ ትለኩሳለህ። ቡናም እንደዚሁ ናት፤ የሲጋራ ጭስ የቡናን ካፌይንም ያስወግዳል። በተውክ ሰሞን እስከ በረካ የምትጠጣ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳሃል፣ ያቁነጠንጥሃል። አቦል ላይ ማቆም አይከፋም።

ታዲያ እንዴት ትነግረዋለህ? ሐኪም የታማሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ዘመድ ቢሆንም። ግን ሥጋትህ ይገባኛል። አገራችን ውስጥ ምስጢር ከሐኪም ቤት ይልቅ በቡና ጊዜ ነው የሚያፈተልከው። ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ወደዚያው ሐኪም ለብቻህ መሄድ ነው። «እህቴ ጋ ጎራ ብዬ እመለሳለሁ» ማለት አያቅትህም፤ ከዚህ የበለጠም ደብቀሃል። ገብተህ እንዲህ በለው፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያ ቀን ያልነገርኩህ ነገር አለ። 22 ዓመት አጭሻለሁ፣ አሁንም አጨሳለሁ። ባለቤቴ አታውቅም፣ በእኔና በአንተ መካከል ይሁን። መተው እፈልጋለሁ፤ መድኃኒቶቼን ከዚህ አንጻር እያቸው።» አፍህ ካልታዘዘልህ ስልክህ ላይ ጽፈህ አሳየው። ሁለተኛው መንገድ አዳማ ውስጥ ወደ ሌላ ሐኪም መሄድና እዚያ ከባዶ መጀመር ነው። ይህም ያስኬዳል፤ ግን ወረቀቶችህን ሁሉ ይዘህ ሂድ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አምስት ዓመት የሚያውቅህን ሰው መተው ያስቆጫል። አንተ ግን ራስህን ታውቃለህ።

የትኛውም ጋ ብትሄድ ሦስት ነገር ሳትናገር አትውጣ። አፍንጫህ ሁልጊዜ ይታፈናል? ሽታ ማሽተት ቀንሶብሃል? ሹፌር ስለሆንክ ወገብህን ያምሃልና ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ትወስዳለህ? አንዳንድ ጎልማሳ አስመኞች ከእነዚህና ከአስፕሪን በኋላ በግማሽ ሰዓት ወይም በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ይታፈናሉ። አንተም እንዲህ ገጥሞህ ከሆነ ራሱን የቻለ ፍንጭ ነው። ተራው የደም ምርመራ ላይ የኢዮሲኖፊል ቁጥር ይወጣል፤ ጠይቅ። ስፓይሮሜትሪ የሚባለው የትንፋሽ ምርመራም ያስፈልግሃል። 40 ዓመት ላለፈውና ለረጅም ዓመት ላጨሰ ሰው አስሙ ላይ ሲጋራ የሚያመጣው ሌላ የሳንባ መጥበብ ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል ነው። ያ ከሆነ ሕክምናው ይለያል።

ስለ ባለቤትህ ልጠይቅህ። እውነት አታውቅም? ጃኬትህን የምታጥበው እሷ ናት። ማስቲካና ሽቶ ስንት ዓመት ይሸፍናል? ምናልባት እሷም አንተ እስክትነግራት እየጠበቀች ይሆናል፤ ምናልባትም በእርግጥ አታውቅም። ዛሬ ንገራት አልልህም። ቅደም ተከተሉ ሐኪሙ ይቅደም ነው፤ እሱ ጋ የሚጠብቅህ ትንፋሽህ ነው። ለእሷ ስትነግራት ደግሞ «ዋሽቼሻለሁ» ከምትል ብቻ «ዋሽቼሻለሁ፣ ለሐኪሙ ተናግሬያለሁ፣ የማቆምበት ቀን ይኸውልሽ» ብትላት ወሬው ሌላ ነው። ይናደዱብኛል ብለህ ካልፈራህ ንስሐ አባታችሁ ጋም ሂድ። ቃሉን የሰጠኸው እሳቸው ፊት ነው፤ እውነቱን መጀመሪያ ጮክ ብለህ የምትለማመድበት ቦታ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ስለ መተው አንድ ነገር ብቻ። ስምንት ወር ትተህ ነበር። ይህንን በደብዳቤህ ውስጥ በአንድ መስመር አለፍከው፤ እኔ ግን ላልፈው አልቻልኩም። ሱስህን የምትረታበት ጉልበት እንዳለህ ያቺ መስመር ነግራኛለች። የጣለህ አዋሽ ላይ ያለች አንዲት ሌሊት ናት፤ ድካም፣ ብቸኝነት፣ ምናልባትም ጫት። ስለዚህ ጫቱን ሳትነካ ሲጋራውን ብቻ አቆማለሁ ብትል ራስህን ታደክማለህ። ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ከሐኪሙ ጋር ቀን ቁረጥ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ፈቃድ ወስደህ ቤትህ ሁን እንጂ መንገድ ላይ አትጀምረው። ክፉዎቹ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ አምሮቱ ይረግባል። ሳሉ መጀመሪያ ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጥ። ጾም እስኪገባ ብለህም አትጠብቅ። ወደ መንገድ ስትመለስ ጋቢናው ውስጥ ማጨስ ክልክል ይሁን፤ ለአንተም ለእንግዳም። ረዳትህ እስካሁን ካንተ እኩል ሲያጨስ ነው የኖረው፣ ደመወዙ ላይ ሳይጨመርለት። እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ መተሐራም ሆነ ገዋኔ፣ ዳር ይዘህ ሃያ ደቂቃ ተኛ። ሲጋራ እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያባርረውም።

ሺሻውን እርሳው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራም፤ የከሰሉ ጭስ ደግሞ ምርቃት ነው። በሕግም የተከለከለ ነው።

ሰማያዊዋ ግን ከምንም በላይ አሳስባኛለች። አንዷ 200 ጊዜ ትነፋለች። በዓመት ሦስት ከጨረስክ አስሙ ከቁጥጥር ውጭ ነው ማለት ነው። አንተ በወር አንድ፣ በዓመት 12 ነው የምትጨርሰው። ይህ የሞት አደጋ ከፍ የሚልበት ቁጥር ነው፤ አለሳልሼ ልነግርህ አልችልም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት አትጠብቅ፣ ቀጠሮህን ወደዚህ ሳምንት አምጣው። እስከዚያ ድረስ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተህ፣ ከንፈርህ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ሰማያዊዋ አራት ሰዓት እንኳን ካላቆየችህ ጭነቱን ትተህ በአቅራቢያህ ወዳለ ጤና ተቋም ሂድ፤ ሌላ ሰው ይንዳህ። መንገድ ላይ ሰማያዊዋን በስፔሰር (ፓፉ አፍ ላይ በሚገጠመው መያዣ) አራት ጊዜ፣ አንድ በአንድ እየተጫንክ ሳብ፤ ካልተሻለህ በየሃያ ደቂቃው ድገመው። ስፔሰር ከሌለህ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ይሠራል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ከሚሸጠው አላነሰም። ፋርማሲ ውስጥ አሠራሩን እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ ፓፉን ስትስብም ይዩህ። ቡናማዋን ከሳብክ በኋላ አፍህን ተጉመጥምጠህ ትፋ።

ሳልረሳው፣ ሰማያዊዋን የት ነው የምታስቀምጣት? አብዛኛው ሹፌር ዳሽቦርድ ላይ ነው የሚጥላት። መያዣዋ በግፊት የታመቀ ነው፤ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለባት፣ ከ50 በላይ ከሆነ ልትፈነዳ ትችላለች። የሰመራን ቀትር ከእኔ አንተ ታውቀዋለህ። መኪናው ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ዳሽቦርዱ ላይ እጅህን አታሳርፍም። ዛሬውኑ ወደ ኪስህ አስገባት።